አባባ ከፍ ያደረጓት መኪና

ይድረስ ለማከብርዎ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? በመኪና ሆድ ሥር ሲንፏቀቁ የዋሉበት ወገብዎስ ለቀቀዎት ወይስ አሁንም ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ያወራል? እማማስ በርትተዋል? እኔ ደህና ነኝ። የልጅ ልጅዎም የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ ቁርጥ እርስዎን መስላለች፤ አይቆጡኝ።

በደብዳቤ የመጣሁት ፊት ለፊት ላመሰግንዎ ስል ስለማያስጨርሱኝ ነው። "ተይው እንግዲህ" ብለው ጀርባዎን ይሰጡኛል። ወረቀት ላይ ግን የት ይሄዱብኛል?

ባሌ፣ ልጅዎ፣ ካረፈ በኋላ ያቺ ትንሽ መኪናው በራችን ላይ ቆማ ስትቀር፣ ሊጠይቁን ሲመጡ ፊትዎን ወደ ግድግዳው አዙረው እንደሚያልፏት አይ ነበር። ስለዚህ ለአዋላጅነት ሥራዬ ልነዳት ስጀምር፣ ሆዷ በየድንጋዩ መፋቁን ልነግርዎ አፌ አልደፈረም። የሰፈሩ መካኒክማ "ይቺን አሻንጉሊት ሸጠሽ በቅሎ ግዢ" ብሎ ሳቀብኝ።

ማን እንደነገረዎት እስካሁን አላውቅም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የመሣሪያ ሣጥንዎን ይዘው መጡና "ክሪኩን አምጪ" አሉኝ፤ ሰላምታም አልቀደመ። አሮጌዎቹን ሞላዎች አውጥተው ረዘም፣ ጠንከር ያሉ አስገቡ። ጎማው እንደተንጠለጠለ የፍሬኑ ቱቦ እንደ ልብስ ገመድ ተወጥሮ ሲያዩ ሥራውን አቆሙ። "አይበቃም?" ብልዎ፣ "ልጄ፣ ከፍ ማለት ብቻውን ምን ይሠራል? መቆም ካልቻለች ገደል ነው" አሉኝ። ረጅም ቱቦ ፈልገው እስኪመለሱ ቀኑ ተጋመሰ።

ሲጨርሱ የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጠው መሪውን በሁለት እጅዎ ያዙ። ሞተሩን አላስነሱም። እኔ የደረቀውን ልብስ መልሼ አሰጣሁ።

ከዚያ ወርደው "አሁን ቀሚስሽን ይዘሽ ልትዘዪ ነው?" ብለው መርገጫ በየዱላት። ዞረው በተሳፋሪውም በኩል በየዱ። "ልጅቷ የምትቀመጠው ከኋላ ነው፤ ይሄ ለማን ነው?" ስልዎ፣ "ሰው ብቻውን መንገድ አይወጣም" አሉኝና ብረቱን መሞረድ ቀጠሉ።

ባለፈው ሰሞን ከወንዙ ማዶ ምጥ የጠናባት እናት ነበረች። ወንዙ ሞልቶ ሚኒባሶቹ ዳር ቆመዋል። ልጄን የሚያስጠናት መምህር አብሮኝ ነበር። ሱሪውን ጠቅልሎ ውኃው ውስጥ ገባና በዱላ እየለካ፣ "ነይ፣ ነይ፣ እዚህ ጋ ቀስ" እያለ መራኝ። ውኃው ከመኪናዋ ሆድ ሥር ሲያልፍ ሰማሁት፤ አንድም ድንጋይ አልነካት። እናትየዋን ጭነን ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ረገጥኩ፤ ቀጥ አለች። ጤና ጣቢያ እንደደረስን ወንድ ልጅ ተገላገለች። አባትየው እጄን ሊስም ሲያጎነብስ፣ "መመስገን ያለባቸው እኔን ከፍ ያደረጉኝ አባት ናቸው" አልኩት። አልገባውም።

አባባ፣ አንድ አባት "የልጄን ማስታወሻ አትነካኩብኝ" ቢል ማን ይፈርድበታል? እርስዎ ግን በገዛ እጅዎ ፈትተው፣ ገጥመው፣ "ሂጂበት" አሉኝ። ያሉኝን ሰምቻለሁ፤ ያላሉኝንም።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ቤት ካላችሁ ከመምህሩ ጋር ሦስት ሆነን እንመጣለን። እማማ እንዳይደነግጡ ቀስ ብለው ይንገሯቸው።

ዕድሜዎን ያርዝምልን፤ እጅዎን አያሳጣን።

ምንም ቢለወጥ የማትለወጠው
ልጅዎ