በመብራቱ ሥር የማይታየው ቢጫ

እኔ ሄኒንግ ቪቡሽ፣ ዕድሜዬ ሃምሳ ሰባት፣ በሂልደስሃይም ከተማ ከእናታችን በወረስነው ቤት የላይኛው ፎቅ ነዋሪ፣ ዛሬ ማክሰኞ ማርች 11 ቀን 2025 ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሰውነቴ ደክሞ አእምሮዬ ግን ሳይጎድል፣ ማንም ሳያስገድደኝ የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ። ኑዛዜ የሚያጸድቀው ኖታሪ ለማርች 25 ቀጠሮ ይዞልኝ ነበር፤ ሐኪሜ ግን እስከዚያ ልትቀጥረኝ አልደፈረችም። ስለዚህ ሕጉ ለጭንቅ ሰዓት በፈቀደው መሠረት በሦስት ምስክሮች ፊት እናገራለሁ። ከሦስት ወር በኋላ በሕይወት ከተገኘሁ ይህ ኑዛዜ ይፈርሳል ይላል ያው ሕግ። ምስክሮቼ አይሥጉ፤ ያን ያህል አላስቸግራቸውም።

ምስክሮቼ እነዚህ ናቸው። ጎረቤቴ ወይዘሮ ሮስቪታ ክላገስ፣ ሠላሳ ዓመት በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የሠሩ፤ ቃሌን የሚጽፉትም እሳቸው ናቸው፤ የተባለውን ሁሉ፣ ጣልቃ የሚገባውንም ጭምር እንዲጽፉ ጠይቄአቸዋለሁ። አቶ ዴትሌፍ ክኖፕ፣ የከተማችን የካናቢስ አብቃዮች ማኅበር ሊቀ መንበር። ሦስተኛው ታናሽ ወንድሜ ኡልፍ ነው፤ የምድር ቤቱ ባለቤት። ልጄ ኢምከ ወራሽ ስለሆነች እዚህ ክፍል ውስጥ አትቀመጥም፤ ወጥ ቤት ትጠብቃለች። ምስክር የሆነ ሰው ደግሞ ከኑዛዜው አንዳች አይወርስም።

ኡልፍ ይህን የሰማው አሁን ነው።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ። «ታዲያ እኔን ለምን ጠራኸኝ?»

«እንድትሰማ።»

«ሰው ጠፍቶ ነው?»

«ሰውማ ሞልቷል። መስኮቱን የከፈትከው ግን አንተ ነህ።»

ወይዘሮ ክላገስ ይህም ይጻፍ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ይጻፍ።

አንደኛ። የላይኛው ፎቅና የጣሪያ ሥሯ ክፍል ለአንዲት ልጄ ለኢምከ ቪቡሽ ይሁኑ። ኡልፍ ከእናታችን ድርሻውን ወስዷል። ባለፈው ሳምንት ሜትር ይዞ መኝታ ቤቴን ሲለካ አይቼዋለሁ፤ ለመጋረጃ ነው ብሎኛል። የለካው ወለሉን ነበር።

ሁለተኛ። ለአቶ ክኖፕና ለማኅበሩ የምሰጠው ምክር ብቻ ነው፤ ምክር ውርስ ስላልሆነ ሕጉ አይከለክለኝም። ሃያ ሁለት ዓመት የዕፅዋት ምግብ አስተምሬ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የእናንተን የታመመ ቅጠል በፕላስቲክ ከረጢት ስቀበል ኖርኩ። ቅጠል ቢጫ በሆነ ቁጥር ማግኒዚየም ትጨምራላችሁ። ከታች ያረጀው ቅጠል እንዳለ ገርጥቶ ቢጫነቱ ወደ ላይ ከወጣ ተክሏ ናይትሮጅን ርቧታል። ደም ሥሩ አረንጓዴ ሆኖ መሐሉ ብቻ ሲገረጣ፣ ያን ጊዜ ማግኒዚየም አስቡ። ቅጠሉ ጠቁሮ ጫፉ እንደ ጥፍር ወደ ታች ከቆለመመ አብልታችኋታል፤ እጃችሁን ሰብስቡ። ዳርና ዳሩ እንደ ታንኳ ወደ ላይ ከታጠፈ ሙቀት ወይም ደረቅ አየር ነው፤ ማዳበሪያው ምንም አያደርግላትም። ደረቅ አየር ውስጥ ተክሏ ውሃውን እየጠጣች የማዳበሪያውን ጨው ሥሯ ላይ ትተዋለች፤ እናንተ ደግሞ የተቃጠለ ጫፍ አይታችሁ ጨው ትጨምራላችሁ። ከሁሉ በፊት ቅጠሉን ከመብራቱ ሥር አውጥታችሁ መስኮት ዳር፣ በቀን ብርሃን እዩት። በእኔ ቢጫ መብራት ሥር ሁሉም ነገር ቢጫ ነው፤ ስለዚህ ቢጫ የሆነው አይለይም። ይህን ደንብ ጽፌ ግድግዳችሁ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ።

«አሁንም ተለጥፏል» አለ ክኖፕ።

«ማን ያነበዋል?»

«እውነቱን ልንገርህ? ቀን መቁጠሪያ ሰቅለንበታል።»

ሦስተኛ። ያለብኝ ዕዳ አንድ ነው፤ የምከፍለውም በቃል ነው።

በታኅሣሥ ኢምከ ለገና መጣች። በጣሪያ ሥሯ ክፍል፣ በመብራት ማብቀያ ድንኳን ውስጥ፣ ሕጉ የፈቀደልኝ ሦስት የካናቢስ ተክሎች ነበሩኝ፤ ሦስቱም ጫፋቸው ነዶ፣ ዳራቸው ታጥፎ ነበር። የካልሲየም እጥረት ነው ብዬ ማዳበሪያቸውን ከፍ አድርጌ ነበር። በበዓሉ ማግስት ጠዋት፣ ቁርስ እንደተነሳ፣ ኢምከ ወጥታ የእጇን ጀርባ ከመብራቱ ሥር ያዘችና ወዲያው ሳበችው።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ያቃጥላል። የእርጥበት መለኪያውም ሃያ ስምንት ይላል። በረሃ ነው ያደረግከው።»

«ሃምሳ ሁለት ነው። በየቀኑ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ እመዘግባለሁ።»

«ሁልጊዜ ሁለት ሰዓት?»

«ሁልጊዜ።»

«እስቲ አንድ ቀን ጠዋት እየው። ማዳበሪያውንም ተወው፣ በቃ።»

የሥነ ጽሑፍ ምሩቅ እኔን ስለ ቅጠል እንዳታስተምረኝ ነገርኳት። የደረጃው መስኮት ጋ ስንደርስ ዞር ብላ አየችኝና «አባዬ፣ ዓይንህ ቢጫ ነው» አለች። ከመብራቱ ሥር ስለወጣሁ ነው አልኳት። ሻንጣዋን ያን ቀን ይዛ ሄደች።

በጥር አንደኛዋ ተክል ሞተች። እኔም በማኅበሩ መጽሔት ላይ «በበዓል ሰሞን ቤቴ ያረፈ እንግዳ ያለ ዕውቀት ውሃ ስላበዛባት» ብዬ ጻፍኩ። ኢምከ አነበበችው። ውሃ አላጠጣችም፤ ማጠጫውን በእጇ አልነካችም። ውሸት ነበር፤ ስጽፈውም አውቀው ነበር።

ከዚያ በየሩብ ሰዓቱ ራሱ የሚመዘግብ መለኪያ ገዛሁ። በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ እርጥበቱ ገደል ይገባል። ኡልፍ እናታችን እንዳስለመደችን ቤቱን ያናፍሳል፤ ብርድም ቢሆን በረዶም ቢሆን የደረጃውን መስኮት ወለል አድርጎ ይከፍታል፣ ከሰዓት በኋላም ይደግመዋል። የድንኳኔ ማራገቢያ አየሩን የሚስበው ከደረጃው ነው። ያ የበረዶ አየር መብራቱ ሥር ሲሞቅ ይደርቃል፤ ምሽት እኔ ስመጣ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ተመልሷል። አንድም ቀን ሳላሳልፍ፣ በትክክለኛ ሰዓት፣ ለሦስት ወር የተሳሳተ ነገር መዘገብኩ።

«አየር መቀየር አለበት» አለ ኡልፍ። «ሻጋታስ?»

«ሻጋታ አይተህ ታውቃለህ?»

«ስለማናፍስ ነዋ።»

ዓይኔንም በተመለከተ፣ እጄን ስታጠብ የማይበት መስታወት የተሰቀለው ጣሪያ ሥር፣ ከድንኳኑ ፊት ለፊት ነው። በዚያ ብርሃን ፊቴን በየቀኑ አይቼ ደህና ነኝ እያልኩ ስምንት ሳምንት አሳለፍኩ። ሐኪም ዘንድ የሄድኩት በየካቲት ነው። ሐኪሟ መስኮት ዳር አቁማ አንድ ጊዜ አየችኝ፤ ሌላ ምርመራ ለደንቡ ያህል ነበር። ልጄ በአንድ ጠዋት ሁለት ሕመም ለይታ ነበር፤ ሁለቱንም አስተባበልኳት። ይህ አንቀጽ በማኅበሩ መጽሔት፣ ውሸቱ በወጣበት ገጽ ላይ፣ ሳይቆረጥ ይውጣ። ክኖፕ፣ ቀን መቁጠሪያ እንዳትሰቅልበት።

አራተኛ። የቀሩት ሁለት ተክሎች ድነዋል፤ መብራቱን ከፍ አድርጌ፣ ማዳበሪያውን አቁሜ፣ ልጄ ያለችውን ብቻ አድርጌ። ሕጉ ግን በቤቴ ያበቀልኩትን ለማንም እንዳላስተላልፍ ይከለክላል፤ በዚህ ቤት በሚገባ ያዳንኩትን ብቸኛ ነገር ማውረስ አልችልም። ስሞት ይቆረጡ። ቅጠሉ የብስባሽ ቆሻሻ የሚጣልበት ቡናማው ገንዳ፣ የተተከሉበት ማሰሮ ማሸጊያ የሚጣልበት ቢጫው ገንዳ ይግባ።

«ማሰሮ ቢጫው ውስጥ አይገባም» አለ ኡልፍ። «ማሸጊያ አይደለም።»

«ከእኔ ኑዛዜ የያዝከው ይህን ነው?»

«ቅጣቱን የምከፍለው እኔ ነኛ።»

ማሰሮው ኡልፍ ያለው ገንዳ ይግባ።

አምስተኛ። መለኪያዎቼ ሁሉ፣ የምልከታ ደብተሮቼና በክብሪት ቀፎ ውስጥ ያሉት ሰባት ዘሮች ለኢምከ ይሁኑ። ዘር ማውረስ አልተከለከለም። ትዝራቸው ወይም ለወፍ ትስጣቸው። ለሌላው ሁሉ በሕይወቴ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጫለሁ፤ ለእሷ አላስቀምጥም።

ስድስተኛ። ነፍሴ ስትወጣ እዚህ አገር እንደ ልማዱ መስኮት ይከፈታል። የሚከፍተው ኡልፍ ይሁን፤ ብከለክለውም ይከፍተዋል። ግን ከዚያ በፊት የድንኳኑን ማራገቢያ ያጥፋ።

ኡልፍ አፍንጫውን በመሐረቡ ጠረገ።

ወይዘሮ ክላገስ የተጻፈውን ከመጀመሪያው ጀምሮ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡልኝ። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ መለኪያው ሃያ ስምንት ይላል የሚለው ጋ ሲደርሱ ከበሩ ውጭ፣ ከኮሪደሩ፣ ድምፅ መጣ።

«ሃያ ስድስት ነበር፣ አባዬ።»

ወይዘሮ ክላገስ ብዕራቸውን አንስተው ወራሽ በንባቡ ጣልቃ መግባት እንደማይገባት አስታወቁኝ። ደብተሬን እንዲያመጡልኝ ጠየቅሁ። የዚያ ጠዋት ቁጥር የለም፤ እኔ የምመዘግበው ምሽት ነበር። ያየችው እሷ ብቻ ናት።

ትክክል ናት። ሃያ ስድስት ተብሎ ይታረም፤ ከጎኑ እፈርማለሁ።

መጋረጃው ይገለጥ፣ የራስጌው መብራት ይጥፋ። በቀን ብርሃን ልፈርም።

ተናዛዥ፦ ሄኒንግ ቪቡሽ (ሁለት ጊዜ፣ አንዱ ከእርማቱ ጎን)

ምስክሮች፦
ሮስቪታ ክላገስ፣ ጽፌ አንብቤአለሁ
ዴትሌፍ ክኖፕ
ኡልፍ ቪቡሽ፣ ሰምቻለሁ