ለእንግሊዙ የተሸከሙት ድንጋይ

ለአባየ፣

ነፍስዎን ይማርና ከተለዩን አምስተኛው ወር ገባ። ሰፈሩ አስታራቂ አጥቶ ተኮራርፎ ቀርቷል። እማየና እትየ ጥሩነሽ በዶሮ ተጣልተው ሰላምታ የላቸውም። ጣሊያንም ከባሕር ዳር ወጥቷል፤ ምሽጉ ውስጥ አሁን የሰፈሩ ፍየል ያድርበታል።

ይህን ለመጻፍ የተቀመጥሁት ግን እንግሊዙ ስለመጣ ነው። ጣሊያን ገና ከምሽጉ ሳይወጣ ከአርበኞቹ ጋር መጥቶ እኛ ቤት የሰነበተው ያ ረጅም መኮንን። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ሕዝብ መርጦት በአገሩ ፓርላማ ተቀምጦ እንደነበር፣ ግን ጥቂት ወር እንደቆየ ሕዝቡ ሌላ ሰው መርጦ እንዳሰናበተው በአስተርጓሚ አጫወተን። እሱ እየሳቀ ነበር። እርስዎ ግን ያነሱትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡ። በወራት የተሻረ ሰው ከጌታው ቢጣላ ነው፣ የሚስቀውም አፍሮ ነው አሉን።

በማግስቱ ሦስት ሽማግሌ አስከትለው፣ ሁላችሁም ድንጋይ በአንገታችሁ ተሸክማችሁ፣ ጣና ዳር ከሰፈረው የእንግሊዞች አዛዥ ድንኳን ደጅ ወደቃችሁ። “እንግዳችንን ይማሩልን” ብቻ ነበር የምትሉት። አዛዡ ደንግጦ ሰውየው በግ ሰርቆባችሁ እንደሆነ አስጠየቀ። እርስዎም ጥፋቱን አናውቅም፣ ብቻ ይማሩልን አሉ። እንግሊዙ ፊቱ በርበሬ መስሎ እየሮጠ ደረሰ። እኔ ከዋርካው ኋላ ቆሜ በሳቅ ልሞት ነበር።

የሻረው ሕዝብ ስለሆነ የሚለመን ጌታ የለም ብለው ቢያስረዱዎት፣ ድንጋዩን ሳያወርዱ መለሱ፦

“ሕዝብማ ሰው አይደል? ይለመናል። አገሩን ብቻ ያሳዩኝ።”

ዕድሜዎን ሙሉ የጀመሩት እርቅ ሳያልቅ ቀርቶ አያውቅምና፣ በታመሙበት አልጋ ላይ እንኳ ስለዚህ ሰው ይቆጩ ነበር። እኛም እሺ፣ እሺ እያልን እናስተኛዎት ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሊጠይቅዎ መጣ። ማረፍዎን ስንነግረው ባርኔጣውን አውልቆ ከደጃፉ ተቀመጠ። ኋላ በአስተርጓሚው በኩል እንዲህ አለን፦

“የተሻርሁ ለታ ደጄን የረገጠ ሰው አልነበረም። ያዘኑልኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ በሻረኝ ሕዝብ ላይ ቂም የለኝም።”

እማየ አለቀሰች። እኔም ስለሳቅሁብዎት ይቅር ይበሉኝ።

እና አባየ፣ እርቁ አልቋል፤ ከእንግዲህ አይቆጩ። እስካለሁ ድረስ ይህን ለልጆቼም ለጎረቤትም እናገራለሁ። ስጀምር እስቃለሁ፣ አልዋሽዎትም። እስከ መጨረሻው ሳልቆም ማውራት ግን እስካሁን አልቻልሁም።

ልጅዎ