ባለ ማህደሩ ራሱ ይቅረብ ላሉት ክቡር ኃላፊ

ለነባር ሠራዊት ጡረታ ማህደር ማቆያ መምሪያ ኃላፊ
አዲስ አበባ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የምክትሎችዎን፣ የጸሐፊዎን፣ እንዲሁም በመስኮት ቁጥር አራት የሚቀመጡትን ባልደረባዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ በካልጋሪ፣ ከበረዶውና ከአንዲት ታማሚያችን በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

በመሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው ሁሉ በሆዱ የጠየቀውን አንድ ጥያቄ ጮክ ብዬ እንድጠይቅ ይፍቀዱልኝ። ይህ ሁሉ ማህደር የሚቀመጠው ለማን ነው?

አርያም ፀጋዬ እባላለሁ፤ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ባለፈው ሰኔ በታሪክ ትምህርት ተመርቄ ቤልትላይን በሚባል ሰፈር ባለች አንዲት ትንሽ የዘር ሐረግ አፈላላጊ ቢሮ ተቀጥሬያለሁ። ሥራዬ፣ ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት አሜሪካኖች ከእንግሊዝ ጋር ለነጻነት ሲዋጉ የዘመቱ ወታደሮችና ባልቴቶቻቸው ጡረታ ለመጠየቅ ያስገቡትን ማመልከቻ ማንበብ ነው። እዚህ ካሉት ገበሬዎች የብዙዎቹ ቅድመ አያቶች ከአሜሪካ ተሻግረው የመጡ ስለሆኑ፣ ሥራ ሲያቆሙ አያት ፍለጋ ይጀምራሉ፤ እኔም እፈልግላቸዋለሁ። ቤት ውስጥ ሲቀለድብኝ፣ «የራሷን ሳታገኝ የሰው ታገኛለች» ይሉኛል። ቀልዱ ትክክል ነው።

እነዚያ ሴቶች ለዳኛ ያልተናገሩት ነገር የለም። ሜሂተብል የምትባል የሰማንያ አንድ ዓመት ባልቴት፣ የጋብቻ ወረቀት የለኝም፣ ነገር ግን የተዳርኩ ዕለት ወንዙ በረዶ ሠርቶ ስለነበር ቄሱ በእግሩ ተሻግሮ መጣ፣ ሻሌንም ከእህቴ ተውሼ ነበር ብላ አስጽፋለች። ከዚያ ከመጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ የልጆቿ ልደት የተጻፈበትን ቅጠል ቀድዳ ለጸሐፊው ሰጠችው። ጸሐፊው «ወሬ ቀንሺ» ሳይላት ሁሉንም ጻፈ፤ ቅጠሉንም ከማመልከቻው ጋር አያያዘው። ባለፈው ጥቅምት ከዘሯ ስድስተኛ ትውልድ የሆነ አንድ ጡረተኛ የትራክተር መካኒክ ያንን ቅጠል በእኔ ኮምፒውተር ላይ ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ። መታወቂያ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ ታማሚያችን ልምጣ። አያቴ ወይዘሮ ወለተማርያም ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ከእኛ ጋር ቴምፕል በሚባለው ሰፈር ይኖራሉ። በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊታቸው በማሽን ይታጠባል። ሐሙስ ሐሙስ እኔ ነኝ አብሬያቸው የምቀመጠው። አራት ሰዓት ረጅም ስለሆነ የአሜሪካ ባልቴቶችን ታሪክ እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸውም እንደ ተከታታይ ድራማ ይከታተላሉ።

«ያቺ ሻል የተዋሰችው ሴትዮ፣ ፈረዱላት?» አሉኝ አንድ ቀን።

«ፈረዱላት፣ እማማ።»

«እሰይ። ስንት ዓመት አመላለሷት?»

«ሁለት ዓመት።»

«ሁለት ብቻ? ፈረንጅ ሲባል ችኩል ነው።» ቀጥለውም፣ ዓይናቸውን ከማሽኑ ሳያነሡ፣ «እኔም እኮ እንዲህ አስጽፌያለሁ» አሉ። «የሠርጌ ዕለት ዝናብ እንደነበር ሳይቀር ነው የነገርኩት።»

እኔ የታሪክ ምሩቅ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ስኖር፣ ይህን የሰማሁት ባለፈው ኅዳር ነው። ባለቤታቸው ሃምሳ አለቃ መልከጼዴቅ በ1970 ዓ.ም. ወደ ምሥራቅ ጦር ግንባር ዘምተው አልተመለሱም። ሞቱ የሚል ወረቀት አልመጣም፤ ተማረኩ የሚልም አልመጣም። አያቴ በዓመቱ፣ አባቴን በጀርባቸው አዝለው፣ እርስዎ ዛሬ በሚመሩት መሥሪያ ቤት ቀርበው ቃላቸውን ሰጡ፤ በአውራ ጣታቸውም ፈረሙ።

ክቡርነትዎ፣ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ለጸሎት የሚሰጥ ስም በሁለት ወረቀት እንደሚጻፍ ያውቃሉ፤ በአንዱ በሕይወት ያሉት፣ በሌላው ያረፉት። አያቴ አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ የባላቸውን የክርስትና ስም፣ ገብረ ሥላሴ ብለው፣ በሕያዋን ወረቀት ላይ ሲያስጽፉ ኖረዋል። ፍትሐት አላስደረጉም፤ ተዝካር አላወጡም፤ ጥቁርም አልለበሱም። ምክንያታቸውን ስጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ። «በሕይወት ካለ፣ ፍትሐት ማስደረግ በቁሙ መቅበር ነው። ሞቶ ከሆነ ግን አርባ ስምንት ዓመት ያለ ጸሎት አስቀምጬዋለሁ። እኔ ከሄድኩ ማን ያስበዋል?» ሐኪሞቹ ስለ እሳቸው ሲነጋገሩ ዓመት የሚለውን ቃል ትተው ወር ማለት ጀምረዋል። ስለዚህ ጉዳያችን አስቸኳይ ነው፤ አስቸኳይ የሚለው ቃል በመምሪያዎ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ባላውቅም።

ቅሬታ ማለት ስለሚከብደኝ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ማህደሩን ስላላጠፋችሁት አመሰግናለሁ። የአሜሪካኖቹ የመጀመሪያ ዘመን መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1800 በእሳት ስለተቃጠለ፣ የጎደለውን ከባልቴቶች አፍ ሰብስበው እንደገና ለመጻፍ ተገደዋል። የእናንተ አልተቃጠለም፤ አልተነበበም እንጂ። የአባቴ የአጎት ልጅ ጋሼ ባዘዘው፣ እዚያው አዲስ አበባ የሚኖር መምህር፣ በአራት ወር ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ተመላልሷል። በሰባተኛው ምልልስ «ማህደሩ አለ፣ ቦታው ላይ ግን የለም» ተባለ። በአሥራ አንደኛው ተገኘ፤ የነበረውም ቦታው ላይ ነበር።

፪ኛ. የመስኮት ቁጥር አራት ባልደረባዎ ቅን ሰው ስለሆኑ አመሰግናለሁ፤ ይህንንስ ያለ ሽሙጥ ነው የምለው። ጋሼ ባዘዘው የላከልኝን የድምፅ መልእክት ራንድል ጣቢያ ባቡር ስጠብቅ ከፍቼ ሰማሁ። «አርያምዬ፣ ቁጭ ብለሽ ስሚኝ» ይላል። ቁጭ የሚባልበት አልነበረም፤ ቆሜ ሰማሁ። ማህደሩ አሥራ አንድ ቅጠል አለው። በሦስተኛው ላይ የአያቴ ቃል ሰፍሯል። በዘጠነኛው ላይ ደግሞ አሥር አለቃ ጴጥሮስ የሚባል፣ ከዚያው ግንባር የተመለሰ ጓደኛቸው፣ በ1973 ዓ.ም. መጥቶ የሰጠው ምስክርነት አለ። ርእሱ «ስለ ሃምሳ አለቃ መልከጼዴቅ የመጨረሻ ሁኔታ» ይላል።

ጋሼ ባዘዘው፣ «ምን ይላል?» ብሎ ይጠይቃል።

«ላነብልዎ አልችልም» ይላሉ የመስኮት ቁጥር አራቷ ሴትዮ። «ባለ ማህደሩ በሕይወት ያለ ሰው ነው። በሕይወት ያለ ሰው ማህደር ለሌላ አይነበብም። ራሱ ይቅረብ።»

«እትዬ፣ ሰውየው ከጠፋ አርባ ስምንት ዓመቱ ነው እኮ።»

«በሕይወት አለ ያልነው እኛ አይደለንም፣ ወንድሜ» ብለው ማህደሩን ይዘጋሉ። «ሚስቱ ናት።»

፫ኛ. ለሦስተኛው ቅጠል ምስጋና የሚሆን ቃል አጥቻለሁ፤ ቢሆንም ልሞክር። ባልደረባዎ ክልከላውን ለማስረዳት ለጋሼ ባዘዘው ያነበቡለት ይህንኑ ቅጠል ብቻ ነው። በ1971 ዓ.ም. ጸሐፊያችሁ አያቴን «ባልሽ ሞቷል?» ብሎ ጠየቃቸው። የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሴት፣ ልጅ አዝላ፣ ይህን ስትጠየቅ ምን እንደምትመልስ እርስዎም እኔም እናውቃለን። እኔ እንኳ እዚህ በረዶ ላይ ተወልጄ አውቀዋለሁ። «አይበለው» አሉ አያቴ። «አለ፣ ይመጣል።» በሰው ላይ ሞትን በአፍ መጥራት ሞትን መጋበዝ ስለሆነ፣ ይህን ያልተናገረች ሚስት አገራችን አላፈራችም። እናቱ ይህንኑ ስትል ሰምቶ ያላደገ ጸሐፊም ያለ አይመስለኝም። እሱ ግን ብዕሩን ነክሮ እንዲህ ጻፈ፤ «ባለቤቷ በሕይወት መኖሩን አመልካቿ በቃሏ ስላረጋገጠች ጥያቄዋ ተዘግቷል።» ማንበብ ለማይችሉት አያቴም የአውራ ጣታቸውን ቦታ አሳያቸው።

ከሁለት ዓመት በኋላ አሥር አለቃ ጴጥሮስ ሲመጣ ጥያቄው የተዘጋ ስለነበር ለማንም አልተነገረም። ምናልባት አያቴን ፈልጎ አጥቶ ይሆናል፤ ምናልባት መሥሪያ ቤቱ ይነግራታል ብሎ አምኖ ይሆናል። ወታደር ስለሆነ መሥሪያ ቤት ማመኑ አይፈረድበትም።

በመጋቢት የደረሰን የእርስዎ መልስ ቁጥርና ቀን ያለው፣ ማኅተሙም ያላጋደለ ነው። ባለ ማህደሩ ሃምሳ አለቃ መልከጼዴቅ የታደሰ መታወቂያቸውን ይዘው በአካል እንዲቀርቡ፣ ይህ ካልሆነ የሞት ማስረጃቸው እንዲቀርብ ይጠይቃል። የሞት ማስረጃ የሚሰጠው ክፍል ደግሞ ከጦሩ የተገኘ ምስክርነት ካላመጣችሁ አልሰጥም ብሎናል። ምስክርነቱ ያለው ዘጠነኛው ቅጠል ላይ ነው።

፬ኛ. ገንዘብ አንፈልግም። ይህን በሦስት ኢሜይል ጽፌያለሁ፤ ደግሜ የምጽፈው ጡረታ ሲባል ሌላ ነገር የሚታያችሁ ስለሚመስለኝ ነው። የምንፈልገው አንድ ቅጠል ነው። ባይሰጠንም ይሁን፤ አንድ ሰው ያንብበውና አንድ ቃል ይበለን።

ይህን ደብዳቤ አባቴ አንብቦ ሦስት ቦታ ላይ «ለስለስ አድርጊው፣ መሥሪያ ቤት ነው» ብሎኛል። ለስልሷል፤ እርስዎ ያነበቡት የለሰለሰውን ነው። አባቴ የሦስት ዓመት ልጅ ሆኖ እዚያ ክፍል ውስጥ ታዝሎ ነበር። ስለ ሦስተኛው ቅጠል ስነግረው፣ «ታዲያ እኔ አላለቀስኩም?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። ምን ለማለት እንደፈለገ እስካሁን አልገባኝም፤ መልሶም አላነሳውም።

አያቴ ግን አያውቁም። ሐሙስ ሐሙስ «ያገርሽ ሰዎች ምን አሉ?» ይሉኛል፤ «እየፈለጉ ነው» እላለሁ። የሰውን እውነት ከመዝገብ ላወጣ የተማርኩ ልጅ ይህን ውሸት አምስት ሳምንት ደጋግሜዋለሁ። ማህደሩን የዘጋው የራሳቸው ቃል መሆኑን፣ ሞትን ከባላቸው ለማራቅ ያሉት አንድ ቃል አርባ ስምንት ዓመት እንዳስጠበቃቸው፣ እጃቸው ላይ ቱቦ ተሰክቶ ሳለ እንዴት ብዬ ልንገራቸው? ሥርዓቱን እርስዎ ስለሚያውቁት ቢያስተምሩኝ ደስ ይለኛል።

ባለፈው ሐሙስ ከቦርሳቸው ሁለቱን ወረቀቶች አወጡ። ለእሑድ መድረስ ነበረባቸው። መጻፍ ስለማይችሉ ከዚህ በፊት የሚጽፍላቸው አባቴ ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን ለእኔ ሰጡኝ። የዘመዶቹን ስም እየጠሩ አስጻፉኝ፤ ገብረ ሥላሴ ላይ ሲደርሱ ግን በየትኛው ወረቀት እንደሆነ ሳይነግሩኝ ስሙን ብቻ ጠሩ።

«በየትኛው ልጻፈው፣ እማማ?»

«አንቺ የተማርሽ ነሽ» አሉ። «የሚመስልሽ ላይ ጻፊው። እኔ ደክሞኛል።»

አርባ ስምንት ዓመት ያልደከማቸው ሴት ናቸው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን የገቡት ሁለቱም ወረቀቶች ገብረ ሥላሴ የሚል ስም አልነበረባቸውም። ያን ዕለት ወንድ አያቴ በሕያዋንም በሙታንም መካከል አልተጠሩም፤ ይህ ከጠፉ ጀምሮ የመጀመሪያው ነው፤ ያደረግሁትም እኔ ነኝ። ማስረጃ የሌለውን ነገር እንዳልጽፍ ተምሬያለሁና።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው በጣም አጭር መልስ ነው። ዘጠነኛውን ቅጠል ይክፈቱና በየትኛው ወረቀት ልጻፍ ይንገሩኝ። ፊርማም ማኅተምም አያስፈልገውም። ይህን ግልጽ ደብዳቤ በማኅበረሰባችን መጽሔት የምታነቡ ወገኖቼም፣ በ1970 በምሥራቅ ግንባር የነበራችሁ፣ ወይም አሥር አለቃ ጴጥሮስን የምታውቁ፣ ወይም ልጆቹ የሆናችሁ፣ እባካችሁ ጻፉልኝ። ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ በሁለት ወረቀት መካከል የቆመ ስም ካላችሁም ጻፉልኝ፤ እንግዲህ መስኮት ቁጥር አራት ፊት የምንሰለፈው አብረን ይሁን።

የመምሪያዎ መደርደሪያዎች ከብልና ከእሳት እንዲጠበቁ፣ ለእርስዎም ረጅም ዕድሜና በሁሉም ዘንድ በሕያዋን ወረቀት ላይ ያለ ጥርጥር የሚሰፍር ስም እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

አርያም ፀጋዬ
የሃምሳ አለቃ መልከጼዴቅና የወይዘሮ ወለተማርያም የልጅ ልጅ
ቴምፕል፣ ካልጋሪ

ማስታወሻ፦ ሃምሳ አለቃ መልከጼዴቅ በትእዛዝዎ መሠረት በአካል ከቀረቡ፣ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ስለሆነ ወንበር ይስጧቸው። መታወቂያቸው ካልታደሰ እንዳይቆጧቸው። ሚስታቸው የት እንዳሉ ከጠየቁም፣ አድራሻችን ከላይ አለ፤ ግን ፈጠን እንዲሉ ይንገሩልን።