ለጉንጭ የተዋጠ ክኒን

እታለም፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት ቻለ? አባዬስ፣ አሁንም ደህና ነኝ እያለ ይስላል? ወንድማችን አዲሱን ሥራ ለመደው? ሚጢስ? እዚህ ላይ እጄ ቆመ። ታናሻችን እንዴት ናት ብዬ አልጠይቅሽም፤ ፎቶዋን ልከሽልኛልና፤ ጉንጯ እንደኔው አብጧል።

እኔ ደህና ነኝ። ማለቴ፣ እተነፍሳለሁ። ልብስ የምንተኩስበት ክፍል እንደ ድሮው በእንፋሎት ታፍኗል፤ ፕሬድኒሶሎን የሚሉትን ክኒን ከጀመርኩ ወዲህ ግን ደረቴ ቀለል ብሎልኛል።

ግን እታለም፣ ምን ነካሽ? ያን ጊዜ ፎቶዬን አይተሽ «ጉንጭ አወጣሽ፣ አማረብሽ» ስትዪኝ፣ መድኃኒቱ ነው ያሳበጠኝ አልኩሽ። ስሙን ስትጠይቂኝ ልትጸልዪልኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ለሚጢ ልትገዢላት ኖሯል! ለሠርጓ ሞላ ትበል ብለሽ፣ ምንም ያላመማትን ልጅ!

ይሄ ሥጋ አይደለም። እብጠት ነው። ከአንገቴ ሥር የወጣውን ጉብታ ፎቶው አላሳየሽም። አገጬ ላይ የበቀለውን ጠጉር፣ ጠረጴዛ በነካ ቁጥር የሚበልዘውን ክንዴን አላሳየሽም። እንቅልፍ የለኝም። አጥንትም ያሳሳል፣ ስኳርም ያመጣል ብላኛለች ሐኪሟ። ይህን ሁሉ የቻልኩት ለትንፋሽ ብዬ ነው። ሚጢ ለምን ብላ ትችለዋለች? ለፎቶ?

ቁጣም ያመጣል ይላሉ። መስታወት ፊት ቆሜ፣ ይሄ ንዴት የክኒኑ ነው ወይስ የኔ እላለሁ። የዛሬው የራሴ ነው።

በስልክ ስነግርሽ «አንቺ ብቻ እንድታምሪ ነው?» ብለሽ ዘጋሽብኝ። ስለዚህ ይህን በሰው እጅ ላክሁልሽ። መጀመሪያ «አሁኑኑ ሽንት ቤት ድፊው» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ቀደድኩት። ወራት ከወሰደችው ወዲያ በድንገት ማቋረጥም ያሰጋል፤ ተዝለፍልፋ ልትወድቅብሽ ትችላለች። እየተንገበገብኩ ነው የምጽፈው፦ አትጨምሪላት፣ በራስሽም አታቋርጪባት። ዛሬውኑ ክኒኑን ይዘሽ ሐኪም ዘንድ ውሰጃት። ከመቼ ጀምሮ እንደምትወስድ እንዳትዋሺ። ሠርጉ ይዘግይ ከተባለ ይዘግይ። ልጁ የጠየቀው ሚጢን ነው፣ ጉንጭ አይደለም።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ ይህን ግን አታንብቢለት። ወንድማችንን፣ ሐኪም ቤት አብሯችሁ ካልሄደ አኩርፋሃለች በዪልኝ። ሚጢን እቀፊልኝ። «እህትሽ ተቆጥታለች፤ ባንቺ ግን አይደለም» በያት።

ታናሽሽ
ከልብስ ንጽህና ቤቱ ፎቅ፣ ማክሰኞ፣ ሰኔ ፱