የመሳቢያዎቹ ተራ

ሰኔ 12 ቀን 1974 ዓ.ም.፣ አሰብ። ሙቀቱ ከባድ ነው፤ ነፋስ የለም። የወደቡ መጋዘን ካርድ ክፍል የነበርነው እኔ፣ ኃላፊዬ አቶ ታደሰና ሾፌሩ ይማም ነን።

ትእዛዙ መጋዘን ቀድሞ የገባ ዕቃ ቀድሞ ይጫን ነው። የየዕቃው መግቢያ ቀን የተጻፈባቸው ካርዶች ግን የተደረደሩት በባለ ዕቃው ስም ነው። ከሁሉ የቆየውን ለማግኘት ሁልጊዜ መሳቢያዎቹን ሁሉ አገላብጣለሁ። ዛሬም የይማምን ጭነት ስፈልግ በአጀብ አብረው የሚጓዙት የጭነት መኪኖች ኮንቮይ ጥሎት ሄደ። ቀጣዩ ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ባቲ ያለችው ሚስቱ ወሯ ገብቷል።

«እትዬ ዘነበች፣ ልጄ ጥርስ አብቅሎ ሊቀበለኝ ነው» አለኝ። ሳቀ፤ ዓይኑ ግን አልሳቀም።

ቀትር ላይ ቤቴ ጋደም ብዬ፣ በእንቅልፍና በንቃት መካከል፣ ካርዶቹ ከባሕር ሲወጡ አየሁ። እያንዳንዱ በመጣበት ተራ አሸዋው ላይ ይተኛል። ፈላጊ የፊተኛውን አንስቶ ይሄዳል፤ የቀረውን አይነካም።

ከሰዓት በኋላ አቶ ታደሰን «በገቡበት ቀን ብንደረድራቸውስ?» አልኳቸው።

«ባለ ዕቃው ስሙን ጠርቶ ቢመጣ በምን ታገኚዋለሽ? እንዳትነኪያቸው!»

መሳቢያውን መልሼ ዘጋሁ።

ሰኔ 13። ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። ይማም ከመኪናው ሥር ተኝቷል። የመጀመሪያውን መሳቢያ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩት፤ ካርዶቹንም በገቡበት ቀን መደርደር ጀመርኩ።