እጅጌው ረዘም ይበል

ማጀቴ፣ ኅዳር 23

ውድ ዮርዳኖስ፣

በማጀቴው መኪና ሹፌር እጅ የላክሽው የይቅርታ ወረቀት ትናንት ደረሰኝ። እዚህ ስልክ ከተቋረጠ ስለቆየ መልሴን በዚያው መኪና እልክልሻለሁ። እንደምን ከረምሽ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ደህና መክረምሽን ለመመኘት ግን ልቤ ገና አልፈቀደልኝም። ስለዚህ የሆነውን ልጻፍልሽ። ያደረግሽውን ታውቂዋለሽ። እዚህ ቤት ምን እንዳደረገ ግን አታውቂም።

ጥቅምት ሲገባ እንዴት እንደነበርን ታስታውሻለሽ። ለመዋዕለ ሕፃናት ልጆችሽ ስትነግሪያቸው የኖርሽው የግሪሳ ወፍ ተረት መጽሐፍ ሊሆን ነው። አዲስ አበባ ያለው አሳታሚ ሠላሳ ሥዕል በወሩ መጨረሻ ካመጣችሁ አትመዋለሁ ብሏል። “ወሩ ሠላሳ፣ ሥዕሉ ሠላሳ! በቀን አንድ ማለት እኮ ነው!” እያልሽ በአንድ ክፍል ቤታችን ውስጥ ዘለልሽ። እኔ የምግብ ቤት ግድግዳና የባጃጅ መስታወት ላይ ስሥል የኖርኩ ሰው ነኝ። ስሜ በመጽሐፍ ሽፋን ላይ ሊወጣ መሆኑን ስሰማ መጀመሪያ የነገርኩት ለወንድሜ ለልዑል ነበር። “አንድ ቅጂ ለእኔ፣ አንድ ለእማዬ። ለሌላው ሰው ግን ሽጪ!” ብሎ ሳቀብኝ።

የልዑልን ሹራብም ያኔ ነው የጀመርኩት። ደብረ ብርሃን ግንበኛ ነው፤ ጠዋት በዚያ ብርድ የእንጨት መወጣጫ ላይ ይወጣል። እትዬ ሙሚና ሱቅ ሄጄ ጥቁር አረንጓዴ የሱፍ ክር ስጠይቃት፣ “ሸዋ ሮቢት ተቀምጠሽ ሱፍ? ወባው ጭንቅላትሽ ላይ ወጣ እንዴ?” አለችኝ። ተሳሳቅን። ወባው የመጣው ግን በማግስቱ ነው።

ከጥቅምት ሁለት እስከ አምስት ያለውን አላውቀውም። የማስታውሰው ግንባሬ ላይ የምታደርጊውን እርጥብ ጨርቅና “ትንሽ ውኃ፣ ትንሽ ብቻ” የሚለውን ድምፅሽን ነው። ያን አልክድም። እናቴ ብትሆን ከዚያ በላይ አታስታምመኝም ነበር።

በስድስት ተነሣሁ። መጀመሪያ ያደረግሁት ለልዑል መደወል ነው፤ ስልኩ ዝግ ነበር። አንቺ ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ሰሃን እያጠብሽ፣ “ስልኩን ሰርቀውታል። ታመሽ ሳለ በሰው ስልክ ደውሎልኝ ነበር። አዲስ ሲም እስካወጣ እንዳታስብ በያት አለኝ” አልሽኝ። ለምን እጠራጠርሻለሁ? አብረን ከኖርን ስድስት ዓመታችን ነው።

እና ሥራዬን ቀጠልኩ። የተኛሁባቸውን አራት ቀኖች ለማካካስ አንዳንድ ቀን ሁለት ሁለት ሣልኩ። ፀሐይዋ ሳትበረታ በረንዳው ላይ እቀመጣለሁ። ከሰዓት በኋላ በባጃጅ ማሽላው ዳር ወርደን ማማ ላይ ወንጭፍ የሚያሾሩትን ልጆች እናያለን፤ ግሪሳው እንደ ደመና ተነሥቶ እንደ ደመና ሲወድቅ እየሮጥኩ እነድፋለሁ። ስንመለስ አንቺ የተረቱን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብለሽ ታነቢያለሽ፣ እኔ ሹራቤን እሠራለሁ። “ይህ ቃል ለሕፃን አይከብድም?” ትይኛለሽ። ክረምቱ አልፏል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ከጣርማ በር በኩል ቀዝቃዛ ነፋስ ይወርዳል። በሠላሳ ዓመቴ ገና አሁን የምፈልገውን ሥራ አገኘሁ፣ ሰውም አለኝ እያልኩ አስብ ነበር። ይህን ስነግርሽ አንገትሽን ደፋሽ። ደስታዬ ነክቷት ነው ብዬ አቀፍኩሽ።

ጥቅምት አሥራ ዘጠኝ እጅጌው ላይ ደረስኩ። “ልዑል ከደወለ እጅጌው ምን ያህል ይሁን ብለሽ ጠይቂልኝ” አልኩሽ። በማግስቱ ከሥራ ተመልሰሽ ጫማሽን እያወለቅሽ፣ “ደውሎ ነበር። እጅጌው ረዘም ይበል፤ ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ ይደርቃሉ አለ” አልሽኝ።

ዮርዳኖስ፣ ጣቶቼ ይደርቃሉ የሚለውን ከየት አመጣሽው? እሱ የሚለው ነገር እኮ ነው። ድምፁ ሁሉ ተሰማኝ። የሠራሁትን ፈትቼ አራት ጣት ጨመርኩበት።

በሃያ ዘጠኝ ሥዕሎቹን ጨረስኩ፤ ይዘሽ አዲስ አበባ ሄደሽ በማግስቱ ተመለስሽ። ኅዳር አንድ ሲነጋጋ በሩ ተንኳኳ። አጎቴ ጋሼ ዘውዴና ጥቁር የለበሱ ሦስት ሴቶች ቆመዋል። “ዘርትሁን፣ ልጄ፣ ቁጭ በይ” አሉኝ። ከመቀመጤ በፊት ገባኝ። ብቻ እናቴ መሰለችኝ። ልዑል ሲሉኝ፣ “እሱማ በዚህ ሰሞን ደውሏል! ዮርዲ ንገሪያቸው እንጂ!” ብዬ ወደ አንቺ ዞርኩ። አንቺ መሬት ላይ ወድቀሽ ነበር። ከሁላችን በላይ የጮኽሽው አንቺ ነሽ።

ጥቅምት ሁለት ጣርማ በር ላይ በጉም ውስጥ የተሳፈረበት መኪና ተገልብጦ ነው አሉኝ። ቀብሩም ሠልስቱም አልፏል። ያኔ እንኳን አልተቀየምኩሽም። አገሩ ነው፣ ወጉ ነው፤ መርዶ ጊዜው እስኪደርስ ይደበቃል። ሽማግሌዎቹ ዝም በይ ብለውሽ ወር ሙሉ ብቻሽን ተሸክመሽው መሰለኝ። “እንዴት ቻልሽው?” ብዬ አዘንኩልሽ እኮ! ወደ ማጀቴ ስንነሣ “የመዋዕለ ሕፃናቱን ልጆች የሚይዝልኝ የለም” ብለሽ ቀረሽ። እሱንም አመንኩ።

አርባው ዕለት ሰው ሲቀልል እማዬ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ፣

“መክሳትሽ! ወር ሙሉ እንዲህ የጣለሽ ወባ ምን ዓይነት ነው?” አለችኝ። “አንዱን ቀብሬ ሌላዋን ስጠብቅ ከረምኩ። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ያንቺን መርዶ ይዘው የመጡ ይመስለኝ ነበር። ያቺ ያስታመመችሽ ልጅ ግን ዘመኗ ይባረክ።”

ተነሥቼ ጋሼ ዘውዴን ከድንኳኑ ጀርባ አገኘኋቸው።

“ጋሼ፣ እማዬ ወር ሙሉ ታመሽ ትለኛለች።”

“ታዲያ አልታመምሽም እንዴ? ጥቅምት ሦስት፣ ሬሳውን ይዘን ስናልፍ እናንተ በር ላይ መኪናውን አቁሜ ገባሁ። አንቺ ተጠቅልለሽ ትንቀጠቀጫለሽ። ዮርዳኖስ ‘አሁን ብትሰማ ትሞትብናለች’ አለችኝ። እውነቷን ነው ብዬ ሄድኩ።”

“ልዑል መኪናው ላይ ነበር?”

“የት ይሆናል፣ ልጄ?”

በራችን ላይ ቆሞ ነበር። ለዚያ እንኳን አንቺን አልወቅስም። በትኩሳት ተቃጥዬ ምን ልሆን ኖሯል? ጋሼ ዘውዴ ግን ቀጠሉ።

“በስምንት ልወስድሽ መጣሁ። ከአጣዬ ደውዬላት ስለነበር መናኸሪያው ላይ ጠበቀችኝ። ‘ባሰባት፤ ሲሻላት እኔ ራሴ እልክብዎታለሁ’ ብላ ከዚያው መለሰችኝ። ከዚያም ሁለቴ ሰው ላክሁ። መልሱ ‘ገና ናት’ ነው። በመጨረሻ ለኅዳር አንድ ኑ ያለችውም እሷ ናት።”

ሥዕሎቼ ሁሉ ጥግ ላይ ቀን አለባቸው፤ ስለዚህ ጥቅምት ስምንትን አልሳሳትም። ማማ ላይ የቆመችውን ሳቂታ ልጅ የሣልኩበት ቀን ነው። አንቺ ፓፓያ ይዘሽ መጣሽ፣ ጭማቂው ወረቀቱ ላይ ተንጠባጠበ፣ እኔ እድፉን ፀሐይ አደረግሁት። እስኪያመን ሳቅን። ከመናኸሪያው፣ አጎቴን ሸኝተሽ መምጣትሽ ነበር።

ያን ቀን ብትነግሪኝ ለእማዬ ሠልስቱ ባለፈ በሦስተኛው ቀን እደርስላት ነበር። ደረቷን ስትመታ እጇን የሚይዝ ልጅ ይኖራት ነበር።

ሹራቡን ይዤላት መጥቼ ነበር። ተቀብላ አፍንጫዋ ላይ አደረገችው። ከዚያ እንደ እንግዳ ዕቃ አጥፋ ጭኔ ላይ መልሳ፣ “የሱ ሽታ የለበትም” አለች። እኔም አውቃለሁ። የኛ ቤት ሽታ ነው ያለበት። በማግስቱ ለመቃብር ቆፋሪው ሰጠሁት፤ እጅጌው ረዘመበት፣ ጠቅልሎ ለበሰው።

አሁን ወደ ወረቀትሽ ልምጣ። “ለመጽሐፉ ብዬ ብቻ አይደለም፤ እንደዚያ ደስ ብሎሽ አይቼሽ ስለማላውቅ አፌ እምቢ አለኝ” ብለሻል። ግማሹን አምንሻለሁ። አንድ ቀን እምቢ ይላል፣ ሁለት ቀን እምቢ ይላል። እኔ እርሳሴን ባነሣሁ ቁጥር ግን የቀረውን ትቆጥሪ ነበር፤ “አሥራ አንድ ቀረን” ስትዪ ሰምቼሻለሁ። የሚያንገበግበኝን ልንገርሽ? ያ ወር በዕድሜዬ ሁሉ ከኖርኩት ወር የበለጠ ደስ ያለኝ ነው። ወንድሜ አፈር ውስጥ ሆኖ እኔ እያንጎራጎርኩ ሣልኩ። እንዳልኖርኩት ላድርገው ብል አልችልም። ዝም ብትይኝ ኖሮ ዝምታሽን እችለው ነበር። አንቺ ግን የሞተ ወንድሜን አናገርሽብኝ።

መጽሐፉ ይታተም። ሥዕሎቹ የእኔ ናቸው፤ አላፍርባቸውም፣ ስሜም ይውጣ። መግቢያው ላይ “ለልዑል መታሰቢያ” እንበል ያልሽው ግን አይሆንም። በስሙ ከእንግዲህ ምንም አትበዪ።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ ይህ ወረቀትም የተጻፈው ለሱ ነው። እማዬ እውነቱን አታውቅም። ጋሼ ዘውዴን “እባክዎን አይንገሯት” ብዬ ለመንኳቸው፤ ሁለተኛ ኀዘን እንዳይሆንባት ፈራሁ። እሷም ጠዋት ጸሎቷን ስትጨርስ ስምሽን ጠርታ ትመርቅሻለች። በየቀኑ። ትናንት “ያቺ ልጅ ለምን አትመጣም? እግሯን ልሳም” አለችኝና “ሥራ በዝቶባት ነው” ብዬ ዋሸሁ። ውሸቱ እንዴት ቀሎ ከአፌ እንደወጣ ሳይ ደነገጥኩ። አንቺም እንዲሁ ጀምረሽ ይሆናል። እኔ ግን ወር ሙሉ አልሄድበትም።

ስለዚህ ነዪ። ጠዋት የሚነሣውን መኪና ከያዝሽ ከቀትር በፊት ትደርሻለሽ። ቤታችንን ብትጠይቂ ልጅ ሁሉ ያሳይሻል። እግርሽን ልትስም ጎንበስ ከማለቷ በፊት ንገሪያት፤ መናኸሪያውንም፣ “ገና ናት” ያልሽውንም፣ ደወለ ያልሽኝንም። እኔ አብሬሽ አልገባም። ውጭ በሩ ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ስትወጪ ምን እንደምልሽ አላውቅም፤ ይቅርታ ነው ብዬ ቃል አልገባልሽም። እስከ መናኸሪያው ግን እሸኝሻለሁ።

እስከ ታኅሣሥ ገብርኤል እዚሁ ነኝ። ካልመጣሽ በማግስቱ እኔው እነግራታለሁ፤ ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ብንገናኝ እንተላለፍ።

የልዑል እህት፣
ዘርትሁን