ከገበታው ማዶ

ውድ ፈንቴ፣

እንደምን ከረምሽ እንዳልልሽ፣ ያለሽበትን የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው። እኔ ደኅና ነኝ እንዳልልሽም ለሙት ውሸት አይጻፍም። ስለዚህ ሰላምታውን ዘልዬ ወደ ነገሬ ልግባ። ከስድስተኛ ክፍል ያላለፈው እጄ ፊደሉን ቢያጣምመውም ግድ የለም፤ አንቺ ድሮም ደብዳቤ የምታስነብቢው ልጃችንን ሕይወትን ነበር። ይኸን ግን እሷም አታየውም። እንዴት እንደሚደርስሽ አላውቅም፤ ብቻ ልጻፈው።

ካረፍሽ ወዲህ እህል በጉሮሮዬ አልወርድ ብሎኛል። ሕይወት ከቢሮ መልስ ታበስላለች፤ እኔ ሁለቴ ጎርሼ እነሣለሁ። ሳልነግርሽ የቆየሁት ነገር አለ፤ ገብሱ ሲታጨድ ጣራ ገዳም ገብቼ ልመነኩስ፣ ቆብ ልጭን ቆርጬ ነበር። ቆርበን የተጋባን ሰዎች ነን፤ ሌላ ሚስት እንደማላይ ታውቂያለሽ። የቀረኝ ገዳም ነው አልኩ።

ሕይወት ግን የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ እየገባ ነው። የባሏ የአስናቀ ሥራ ባሕር ዳር ነው።

«አባባ፣ እማ የለች። አንቱም ከሄዱ እኔን ወልጄ ስተኛ ማን ያርሰኛል?» አለችኝ።

«እግዚአብሔር» አልኳት። መልሱ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ከአፌ ሲወጣ ቀዘቀዘኝ።

ባለፈው ሳምንት ሐሙስ «ዛሬ እንኳን ወጥተን እንብላ» ብላ በባጃጅ ወሰደችኝ። ባጃጁ ሲቆም ቀና ብዬ አየሁ፤ ያ የድንጋይ ቤት! የደጃዝማች እልፍኝ ነበር ሲሉት የኖርነው፣ በእኛ ጊዜ ለመንግሥት የምናስገባው የኮታ እህል መጋዘን የሆነው፣ ከዚያ ወዲህ የሌሊት ወፍ ብቻ ሲኖርበት የከረመው። አሁን ጌጤ የምትባል የጉና ሥር ሴት ተከራይታ ምግብ ቤት አድርጋዋለች። በሩ ላይ «ከማሳ ወደ ገበታ» ብላ በኖራ ጽፋለች። ድንቹም ነጭ ሽንኩርቱም በጉም ከገዛ መሬቷ የሚመጣ ነው። ዱካና አግዳሚ ወንበር እንጂ ወግ የለውም፤ ሰው እንደ ቤቱ ገብቶ በልቶ ይወጣል።

በተጋባን ዓመት የኮታ ገብስ በአህያ ጭነን የመጣን ቀን ትዝ ይልሻል? ተራችን ሳይደርስ ዝናብ ጣለና ከነጆንያችን ወደ ውስጥ አስገቡን። በሙሽርነትሽ ፊቴ በልተሽ አታውቂም ነበር። እዚያ ግድግዳ ሥር የቋጠርሽውን እንጀራና ቅቅል ድንች ከነአዋዜው ጆንያ ላይ ዘረጋሽው። መጀመሪያ አብረን የቀመስነው እዚያ ነው። ልማድሽንም ያየሁት ያን ቀን ነው። ድንቹን በጣትሽ አትነኪውም፤ እንጀራ አጥፈሽ በእሱ ቀስ እያልሽ ትልቁን ወደ እኔ ትገፊዋለሽ። አዋዜው እንጀራው ላይ የበቅሎ መንገድ የመሰለ መስመር ይተዋል። ዓይንሽ ግን ሌላ ቦታ ነው።

«እኩል እንካፈል» ስልሽ፣ «አያ፣ ይብሉ እንጂ፤ እኔ ጠግቤያለሁ» ትይኛለሽ።

ምኑን በልተሽ እንደምትጠግቢ እንጃ። ያን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር ትልቁን ተካፍለሽኝ አታውቂም። ስንቴ ተቆጣሁሽ!

ጌጤ ካለው ቦታ ሁሉ መርጣ እዚያው ግድግዳ ሥር አስቀመጠችን። ውጭው ፀሐይ ነው፤ ውስጡ ይበርዳል። ኖራ ተቀብቶም የአሮጌ ገብስና የነቀዝ ሽታው አልለቀቀውም። እኔና ሕይወት ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ ማዶው ባዶ ነው። ጌጤ ውኃና ሦስት ብርጭቆ ይዛ መጣች።

«ሁለት ነን እኮ» አለቻት ሕይወት።

ጌጤ ማዶውን አየች፣ በሩን አየች። «ውይ፣ ይቅርታ! ስትገቡ ሦስት መስላችሁኝ!»

«ሆዴን ቆጥራ ይሆናል» ብላ ሕይወት ሳቀች። ጌጤም ሳቀች፤ ሦስተኛውን ብርጭቆ ግን ረስታው ሄደች። ማዶው ላይ ቀረ።

የበግ አልጫ ከድንች ጋር በሰፊ እንጀራ ላይ ፈሶ መጣ። ከሁሉ ትልቁ ድንች በማዶው ጠርዝ ነበር፤ አይቼዋለሁ። አቡነ ዘበሰማያት ለመድገም ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ድንቹ ፊቴ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ለሁለት የምትበዪው አንቺ! ለእኔ ለምን ትገፊዋለሽ?»

«ምኑን?»

«ድንቹን ነዋ።»

«አባባ ደግሞ! እኔ ለአስናቀ እየደወልኩ አይደል እንዴ?» ስልኩ በእርግጥም እጇ ላይ ነበር።

ያን ጊዜ እንጀራውን ልብ አልኩት። ከማዶው ጠርዝ ተነሥቶ እስከ ፊቴ ድረስ ቢጫ መስመር ተዘርግቷል፤ ጠባብ፣ ትንሽ ጠመም ያለ፣ የበቅሎ መንገድ። መስመሩ ከሚጀምርበት ደግሞ እንጀራው ሁለት ጣት ያህል ተቆርሷል። ሕይወትም ዓይኔን ተከትላ አየችው። ያንን መስመር ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። እጇን ሆዷ ላይ አኖረች።

ፈርቼ ይሁን ርቦኝ አላውቅም፣ ድንቹን ሙሉውን በላሁት። ካረፍሽ ወዲህ እህል የጣመኝ ያን ቀን ነው።

በማግሥቱ ወደ ነፍስ አባታችን ሄድኩ። ሰይጣን በሙት ስም ይመጣል ሲባል ስለሰማሁ እንቅልፍ አጥቼ ነበር ያደርኩት።

«ታየችህ?» አሉኝ።

«አልታየችኝም አባ።»

«ተናገረችህ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን አደረገች?»

«ድንች ገፋችልኝ።»

ጢማቸውን ይዘው «ሰይጣን ሲነጥቅ እንጂ ሲያበላ አልሰማሁም» አሉ። «ምን እንደሆነ እኔም አላውቅም ልጄ፤ ጸልይላት። አንተ ግን አንድ ነገር ንገረኝ። ጣራ ገዳም የምትሄደው ወደ እግዚአብሔር ነው ወይስ ከባዶ ገበታ ሸሽተህ?»

መልሱን፣ ፈንቴ፣ እስካሁንም እየፈለግሁት ነው።

«ገዳሙ የትም አይሄድ» ብለው መስቀል አሳለሙኝ።

ረቡዕ ለሕይወት ሳልነግር ብቻዬን ሄድኩ። የጾም ቀን ነውና ዘጠኝ ሰዓት ጠብቄ ነው የገባሁት። ተመጋቢው ሁሉ ወጥቷል።

«አያ ሙላቴ፣ ዛሬ ብቻዎን መጡ?» አለችኝ ጌጤ። አፏ እንዲህ ይበል እንጂ እጇ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ይዟል። እሷም እጇን አየችው። ሁለቱንም አስቀምጣ ወደ ማድ ቤት ገባች።

የጾም ድንች ወጥ ነው ያቀረበችልኝ። ትልቁ ድንች በእኔ በኩል ነበር። እንጀራ አጠፍኩና እንዳንቺ ገፋሁት፤ እጄ አልለመደም፣ መስመሬ የሰካራም መንገድ ሆነ። እንደ ምንም ማዶ አደረስኩት።

«ፈንቴ» አልኩ በሹክሹክታ፣ «ያን ሁሉ ዘመን እኔ በላሁ። ዛሬ አንቺ ብዪ። ካልበላሽ እኔም አልበላም፤ ወደ ገዳሜ እሄዳለሁ።»

ተነሥቼ ወደ ምሥራቅ ዞሬ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። በሩ እንደ ተዘጋ ነው፤ ከጀርባዬ ግን ብርድ አለፈ። ቀጥሎ ሰው ጆንያ ላይ ሲቀመጥ ገብሱ የሚያሰማውን ያን ድምፅ ሰማሁ። በዚያ ቤት ውስጥ አንድም ጆንያ የለም። ጸሎቱን እስከ መጨረሻው አደረስኩ፤ ከፍርሃቴ የተነሣ ቃሉን እየደጋገምኩ ነው።

ስዞር ድንቹ ከገበታው መካከል ነበር። ለሁለት ተገምሷል፤ ግማሹ በእኔ በኩል፣ ግማሹ በአንቺ በኩል፣ እኩል።

አለቀስኩ። ከዚያ ድርሻዬን አንሥቼ ቀስ ብዬ በላሁ። ቀና ብዬ ወደ ማዶ አላየሁም። ሙሽራ ስትበላ አትታይም።

እና ይኸው ቁርጡን ልንገርሽ። ቆቡ ይቆየኝ። ሕይወትን የማርሳት እኔ ነኝ። የገብስ ገንፎ ማገንፋት ከጎረቤታችን ከእመቤት እየተማርኩ ነው። ትናንት ምንቸቱን ገልጣ አየችና «አያ ሙላቴ፣ ይኸን ለአራስ ነው ወይስ ለግድግዳ ምርጊት?» ብላ ሰፈሩን አሳቀችብኝ። ይሳቁ። ልጁ እስኪወለድ እጄ ይለምዳል። የክርስትና ስምሽን በየቅዳሴው «ወለተ ሐና» ብዬ አስጠራለሁ፤ እሱን አልተውም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ያን ረቡዕ ጌጤ ትሪውን ልታነሣ ስትመጣ ማዶውን አየችና ቀስ ብላ «ጥሩ በልተዋል» አለችኝ። ያን ጊዜ ብቻ ነው ቀና ያልኩት። በአንቺ በኩል አጭር መስመር እንጂ ሌላ ምንም አልቀረም፤ ብርጭቆውም ጎድሏል።

ማዶ ለማዶ እስክንቀመጥ ድረስ ድርሻሽን አስቀምጥልሻለሁ።

ባልሽ ሙላቴ
ደብረ ታቦር